ሲጢጥታ ፍለጋ፣ ከሞጣ እስከ ቢቸና

ሱቄን የዘጋሁት ጆሮዬ ስለከዳኝ ነው። የቢቸና ሰው ግን ሌላ ምክንያት አበጅቶልኛል። ገሚሱ «ባጃጅና ሞተር ሳይክል ገበያውን ወሰደበት» ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ ልጆቼ በቃህ ያሉኝ ይመስለዋል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት ስላለበት አልከራከርም። ቁርጡን ያወቅሁት ግን ሆስፒታል ሄጄ አንድ ወጣት ባለሙያ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጎ «ድምፅ በሰሙ ቁጥር ጣትዎን ያንሱ» ያለኝ ዕለት ነው። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ጥቂት ጊዜ አነሳሁ፤ ከዚያ ብዙ ቆየሁና «ቀሪው መቼ ነው የሚጀመረው?» አልኩት። ለካስ ጨርሶ ወረቀት እየሞላ ነበር።

«ወፍራም ወፍራሙን ይሰማሉ አባባ፤ ቀጫጭኑ ግን ሄዷል» አለኝ።

ለሌላ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ላይሆን ይችላል። የእኔ እንጀራ ግን ቀጭን ድምፅ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ብስክሌት ጠግኛለሁ። ጎማ መለጠፍ ማንም ይችላል፤ ካቴና መቀየርም እንዲሁ። ሰው ከየጁቤና ከደብረ ወርቅ ድረስ ብስክሌቱን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭኖ እኔ ዘንድ የሚመጣው ግን «ሲጢጥ ይላል፤ ከየት እንደሆነ አልታወቀም» ለማለት ነበር። ከየት እንደሆነ ማግኘት ነበር ሥራዬ። ጆሮዬ ከሄደ ሥራዬም አብሮ ሄደ ማለት ነው፤ ስለዚህ ዘጋሁ።

የጀመርኩት ሞጣ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለክትባት ሠራተኞችና ለግብርና ባለሙያዎች ብስክሌት ያድል ነበር፤ እኔም በረዳት ጠጋኝነት ተቀጠርኩ። ስለ ደመወዙ የምለው የለኝም፤ ያኖር ነበር። ጋራዥ የሚባለው አራት ምሰሶ ላይ የተጣለ ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሥራ እናቆማለን፤ ዝናቡን ፈርተን ሳይሆን ቆርቆሮው ሲንጣጣ ምንም ስለማይሰማ ነው። አዲስ የመጣ የንብረት ኃላፊ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እነዚህ ሰዎች በዝናብ ለምን ቁጭ ይላሉ?» ብሎ ነበር። አለቃዬ አያ ደመላሽም ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጡ ነበር፦ «ጌታዬ፣ እርስዎ በጨለማ ደብዳቤ ያነባሉ?»

አያ ደመላሽ ቀጭን፣ በሙቀትም ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። የብሎን መፍቻ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ሰው ሥራ ሲጨርስ ይታጠባል፣ እሳቸው ሲጀምሩ። መጀመሪያ ነገሩ ትዕቢት ይመስለኝ ነበር። በኋላ እንደገባኝ ቅባት ያለበት ጣት የላላና የጠበቀ ብሎን አይለይም።

ብስክሌት ሲመጣላቸው ብስክሌቱን አያዩም። ባለቤቱን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ሦስት ነገር ይጠይቁታል፦ መቼ ይጮኻል? የት ቦታ ይጮኻል? ምን ጭነህ? ከዚያ «ንዳው» ይሉትና ከጎኑ ይሮጣሉ። ኮት የለበሰ ሽማግሌ ከብስክሌት ጎን አንገቱን አዘንብሎ ሲሮጥ ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ይስቃል። እኔም በልቤ እስቅ ነበር።

ሲመለሱ አንዲት የክንድ ርዝመት ያላት የደረቀች የባሕር ዛፍ ዘንግ ያነሳሉ። አንዱን ጫፍ ብረቱ ላይ ያስደግፋሉ፣ ሌላውን በጥርሳቸው ይነክሳሉ። እኔ ፔዳሉን እየረገጥኩ እሳቸው ዘንጓን ከመጋጠሚያ ወደ መጋጠሚያ ያዘዋውራሉ።

«ብረት ድምፁን ይዞት ይሄዳል» ይሉኝ ነበር። «ኋላ የጮኸውን ፊት ነው ብለህ በአቦ ትምላለህ። ጥርስህ ግን የሚንቀጠቀጠው የት እንደሆነ ያሳይሃል።»

በአንድ ቀን ከአንድ ቦታ በላይ ግራሶ አይቀቡም። ባለቤቱ ቢቸኩልም፣ ኃላፊው ቢቆጣም፣ አንድ ቦታ ፈትተው፣ ጠርገው፣ ቀብተው፣ አስረው እንደገና ያስነዱታል። «ሁለት ቦታ ቀብተህ ዝም ቢል የትኛውን ልታመሰግን ነው?» ይላሉ። አንድ ጊዜ አንድ የግብርና ባለሙያ ይዞት የመጣውን ብስክሌት እሳቸው በሌሉበት ሁለት ቀን ሙሉ ብትንትኑን አወጣሁት። ድምፁ አልጠፋም። አያ ደመላሽ መጡ፣ ባለሙያውን አስቀመጡት፣ ጠየቁት፣ አስነዱት፣ ሮጡ። ተመልሰው «ጫማህን አውልቅና ንዳ» አሉት። በካልሲ ሲነዳ ጸጥ አለ። አዲሱ ጫማው የፔዳሉን ክንድ እየታከከ ነበር። እኔ አፈርኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «የብረት ጠጋኝ ስለሆንክ ጥፋቱን ብረት ላይ ፈለግህ» ብለው እጃቸውን ታጠቡ።

የመጨረሻው ልማዳቸው ነው የሚያናድደኝ የነበረው። ድምፁ የት እንደሆነ አግኝተው፣ ጠግነው፣ ብስክሌቱ ጸጥ ካለ በኋላ እንደገና ይፈቱታል። የቀቡትን ግራሶ በነጭ ጋዝ ያጥቡታል፣ ደረቁን መልሰው ያስሩታል፣ ያስነዱታል። ሲጢጥ ካለ ይደሰታሉ። ከዚያ ለሁለተኛ ጊዜ ይጠግኑታል። ሲጢጥ ካላለ ግን ፊታቸው ይጠቁራል፤ ዝም ያሰኘው እሳቸው የሠሩት አይደለምና ፍለጋው እንደ አዲስ ይጀመራል። እኔ ይህን የሰው ጊዜ ማባከን ነው እል ነበር። «መልሰህ ካላስጮህከው አልሠራኸውም» ይሉኛል። እኔም እሺ እላለሁ።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ደረስኩ።

የዚያ መሥሪያ ቤት ንብረት ኃላፊ ቀለም የሚወድ ሰው ነበር። በየወሩ ብስክሌቶቹን አሰልፎ የተላጠ ቀለም ይቆጥራል፤ የተላጠ ከተገኘ የሚጠየቀው ጠጋኙ ነው። የጭነት ገመዱ ቀለሙን እየላጠ ሲያስቸግረን እኛም መላ ፈጠርን። አሮጌ ካላማዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ በጠባብ በጠባቡ ቀደን የብስክሌቱን አጥንት፣ እኛ ቴላዮ የምንለውን፣ በጎማ ጠቀለልነው። ቀለሙ ተረፈ። ኃላፊው አመሰገነን። ከጎማው ሥር ያለውን ግን ከዚያ ወዲያ ያየ ሰው የለም።

ሲስተር ዘነበች ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድባ የመጣች ነርስ ነበረች፣ የእኔ እኩያ። የክትባት ሣጥን ከብስክሌቷ ኋላ አስራ በየገጠሩ ትዞራለች። ሳቂታ ናት፤ አያ ደመላሽ ሲሮጡ ፊት ለፊታቸው የምትስቅ እሷ ብቻ ነበረች፣ እሳቸውም አይቀየሟትም። አንድ የዘመቻ ጠዋት መጣች። አያ ደመላሽ ለወንድማቸው ተዝካር ሄደው ነበር።

«ይበልጣል፣ እባክህ ይሄ ነገር ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ ራሴን አዞረው» አለችኝ በስሜ ጠርታ። «ቁልቁለት ላይ ይብሳል። ሰዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው እየጠበቁኝ ነው፤ ቶሎ በል።»

ቁልቁለት ላይ ይብሳል ማለቷን ሰምቻለሁ። ክብደት ወደ ፊት ሲመጣ የሚጮኽ ነገር ከመሪው አካባቢ መሆኑን አውቅ ነበር። ግን አስነድቼ አልሮጥኩም፣ ዘንጓንም አላነሳሁም። የመሪውን መዞሪያ ቀባሁ፣ የመቀመጫውን ዘንግ ቀባሁ፣ ከመሪው ሥር የላላውን ጎማ ደግሞ ፈትቼ ሳላይ በላዩ ላይ ሌላ አጥብቄ ጠቀለልኩበት። መሪውን ይዤ ስጫነው ጸጥ አለ። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ሠርቼ የትኛው ዝም እንዳሰኘው አላወቅሁም፤ ግን ዝም ብሏል።

«እጅህ ይባረክ» ብላኝ ሄደች።

ከቀትር በኋላ ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸክመው አመጧት። ወደ ገጠር በሚወስደው መንገድ፣ ወንዝ አጠገብ ባለው ቁልቁለት ላይ ቴላዮው ከመሪው ሥር ተቆርጦ ነበር። ጉልበቷ ተሰብሯል። አላለቀሰችም፤ ስታየኝ «ሣጥኖቹ ደኅና ናቸው?» አለች። ሁለት ሣጥን ጭና ነበር፤ አንዱ ታሞ የቀረ የሥራ ባልደረባዋ ድርሻ ነው። ደንቡ ደግሞ አንድ ሣጥን ነው።

በማግስቱ አያ ደመላሽ ተመለሱ። የተሰበረውን ብስክሌት አዩ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ጎማውን በቢላ ቀደው አወጡት። የተቆረጠው አፍ ሁለት መልክ ነበረው። ገሚሱ የሚያብረቀርቅ፣ የትናንት። ገሚሱ ዝገት የበላው፣ የቆየ። ከጎማው ሥር ስንጥቁ ወራት ተቀምጦ ነበር። ስንጥቅ መፈለጊያ ዘዴ እሳቸው አስተምረውኛል፤ ብረቱን በነጭ ጋዝ ቀብቶ፣ ጠርጎ፣ ጠመኔ ማሸት ነው። ስንጥቅ ካለ የጠጣውን ጋዝ ይተፋውና ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ።

«መልሰህ አስጩኸኸው ነበር?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

አዩኝ። ሌላ አልጠየቁኝም። የተቆረጠውን መጋጠሚያ በመጋዝ ቆርጠው አወጡና ከእኔ የሥራ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት።

ከመሥሪያ ቤቱ ቅጽ መጣልኝ። «ብስክሌቱ ከጋራዥ ሲወጣ በምን ሁኔታ ላይ ነበር?» ይላል። እኔም «ምንም ድምፅ የለውም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። እውነት ነው፤ ድምፅ አልነበረውም። ጥፋቱ ከልክ በላይ መጫን ነው ተባለ። ሲስተር ዘነበች የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ከመስክ ሥራ ወጥታ ቢቸና ካርድ ክፍል ተመደበች። ጉልበቷ ደኅና ሳይጋጠም ቀርቶ እያነከሰች ሄደች። አያ ደመላሽ ስለ ቅጹ ሲሰሙ «ያንተን ደብዳቤ እኔ አልጽፍልህም» ብቻ አሉኝ። ለምን ራሳቸው አልተናገሩም? እስካሁን አልገባኝም። የምናገርበትን ቀን እየጠበቁ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ጡረታ ሲወጡ ዘንጓንና መጋጠሚያውን በአንድ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ምክርም ምርቃትም አልጨመሩበትም። ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

እኔም ወደ ቢቸና ተዛወርኩ። ኃላፊዎች ተፈራረቁ። አንዱ በብስክሌት የሚሄድ ሠራተኛ ቢሮውን ያዋርዳል ባይ ነበር፤ ሌላው ደግሞ ብስክሌት ለመቆጠብ ሲል ማንም እንዳይነካቸው ቆልፎባቸው መጋዘን ውስጥ ጎማቸው ተሰነጣጠቀ። በመጨረሻ ሞተር ሳይክል መጣና ብስክሌቶቹ በጨረታ ተሸጡ። እኔም ሥራ ለቅቄ ከከብት ገበያው በላይ ሱቅ ከፈትኩ። የአያ ደመላሽን ሥራ አንድ በአንድ መሥራት የጀመርኩት እዚያ ነው። እታጠባለሁ፣ አስቀምጬ እጠይቃለሁ፣ እሮጣለሁ፣ ዘንጓን እነክሳለሁ፣ መልሼ አስጮኻለሁ። የቢቸና ሰው በእኔም ይስቅ ነበር። ስሜ ወጣ።

ሲስተር ዘነበች በዚሁ ከተማ ነበረች። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ እንገናኛለን። «ደኅና ነህ ይበልጣል?» «ደኅና ነሽ ሲስተር?» እንባባላለን። ኅዳር ሚካኤልም ሠርግም ላይ አብረን እንቀመጣለን። ብስክሌት ላይ ግን ዳግመኛ አልወጣችም። እኔም በየጊዜው ዛሬ እነግራታለሁ እል ነበር። መጀመሪያ ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። ሥራዬን ከለቀቅሁ በኋላ ደግሞ ቆይቷል ብዬ ተውኩት። ቀላል ነበር ብል ውሸት ነው፤ ከባድ ነበር ብልም ውሸት ነው። ለመድኩት።

ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ሰኞ ጠዋት የግቢዬ በር ተንኳኳ፤ ውሻው ሲጮህ ነው ያወቅሁት። ሲስተር ዘነበችና ልጇ ማርታ ናቸው። ማርታ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ ናት፤ ብስክሌት ትወዳለች፣ እናቷ ደግሞ ይህን አትወድላትም። የያዘችው ብስክሌት በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ነው። ፊቱም ኋላውም እንደ መኪና የሚነጥር፣ ተራራ ለመውረድ የተበጀ። መሐሉ ላይ ንዝረት የሚውጥ፣ በአየር የሚሠራ አሞርዛተር አለው፤ የኋላው እግር ከዋናው ቴላዮ ጋር የተያያዘው በብሎንና በኩሽኔታ ስለሆነ ጉድጓድ ሲያገኝ ይታጠፋል። የመጋጠሚያዎቹን ቁጥር ሳይ ደከመኝ። እኛ አንድ ቴላዮ ነበር የምናውቀው፤ ይህ እያንዳንዱ ብሎኑ ሊጮህ ይችላል። ባሕር ዳር ከአንድ አገር አቋራጭ ብስክሌተኛ ነው የገዛችው።

«ጋሼ፣ ሲጢጥ ይላል» አለች ማርታ። «መቀመጫውን ቀየርኩ፣ ያው ነው። ከመቀመጫው ሥር ይመስላል። ቅዳሜ ከየጁቤ ወደ ዓባይ በረሃ እንወርዳለን፣ ከጓደኞቼ ጋር።»

ሲስተር ዘነበች እኔን አላየችም፤ ብስክሌቱን ነበር የምታየው። «ከመውረዷ በፊት ከየት እንደሆነ ንገረኝ» አለች። «ሌላ ሰው አላምንም።»

ይህን ስትለኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ሲስተር፣ እኔ አልሰማም» አልኳት። «ቀጭኑ ድምፅ ሄዷል። ሱቁን የዘጋሁት ለዚሁ ነው።»

ዱካ ሳበችና ከብስክሌቱ አጠገብ ተቀመጠች። «የኔ ጆሮ ደኅና ነው» አለች። «ምን ላድርግ?»

እጄን ታጠብኩ። ማርታን አስቀምጬ ጠየቅኋት። መቼ? ዳገት ላይ ስትረግጥ። የት? ከዚህም ከዚያም፣ በተለይ አቧራ መንገድ ከሄደች በኋላ። ምን ጭነሽ? ራሷን ብቻ። መሮጥ ስለማልችል ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፈን ማርታ ላዩ ላይ ወጥታ የፊቱን ፍሬን ይዛ ፔዳሉን እንድትጫን አደረግሁ። ሲስተር ዘነበችን ሲጢጥ ባለ ቁጥር ጣቷን እንድታነሳ ነገርኳት። እኔ ዘንጓን በጥርሴ ነክሼ ጎንበስ አልኩ።

ማርታ ከመቀመጫው ተነስታ ስትረግጥም የእናቷ ጣት ተነሳ፤ ስለዚህ መቀመጫው ነጻ ነው። ፔዳሎቹን ፈትቼ ጠርጌ ቀብቼ አሰርኩ፤ ጣቷ ተነሳ። ለሰኞ ይኸው በቃ። ማክሰኞ የፔዳሉ ክንዶች የሚዞሩበትን ፈታሁ፤ ጣቷ ተነሳ። ማርታ ትዕግሥቷ አለቀ፤ «ጋሼ፣ ሁሉንም አንዴ ብንቀባው አይሻልም?» አለችኝ። እናቷ ናት የመለሰችላት፦ «ዝም በይና ርገጪ።»

ረቡዕ አሞርዛተሩን አላቅቄ የኋላውን እግር በእጄ ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቀስኩት። ዘንጓን ከአንዱ መጋጠሚያ ወደ ሌላው አዘዋወርኩ። ከፔዳሉ በላይ ያለው ትልቁ መጋጠሚያ ላይ ሳደርሳት ጥርሴ ውስጥ አንድ ነገር ነዘረኝ፤ ቀና ስል ጣቷ ተነስቷል። የኋላውን እግር እንደገና አንቀሳቀስኩ፤ ነዘረኝ፣ ጣቷ ተነሳ። ሦስት ጊዜ። የእኔ ጥርስና የእሷ ጣት አንድ ላይ ሲገጥሙ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። ፈታሁት። ውስጡ የመረሬ መሬት አቧራ ከአሮጌ ግራሶ ጋር ተለውሶ ጭቃ ሆኗል፤ ከብሎኑ ሥር የምትገባው ስስ ቀለበት፣ ሮንዴላዋም፣ በአንድ ጎኗ ተበልታለች።

ወዲያው አልገጠምኩትም። ቴላዮውን ዙሪያውን በነጭ ጋዝ ቀብቼ፣ ጠርጌ፣ ጠመኔ አሸሁበት። በመነጽር አንድ በአንድ አየሁት። መስመር አልወጣም። ከዚያ ሮንዴላዋን ለውጬ፣ ቀብቼ አሰርኩ። ማርታ ረገጠች። የእናቷ ጣት ጉልበቷ ላይ ቀረ። እንደገና ረገጠች። አልተነሳም።

«እልል!» አለች ማርታ።

ፈታሁት። ግራሶውን አጠብኩት። የተበላችውን ሮንዴላ መልሼ፣ ደረቁን አሰርኩት። ማርታ ስትረግጥ የሲስተር ዘነበች ጣት ተነሳ። ከዚያ ለሁለተኛ ጊዜ በአዲሷ ሮንዴላ ጠገንኩት፤ ጣቷ አልተነሳም። ማርታ በከብት ገበያው ዳገት ልትሞክረው ወጣች። ሁለታችን ቀረን።

«ዝም ካለ በኋላ ለምን አስጮህከው?» አለችኝ።

«ዝም ያሰኘው እኔ የሠራሁት መሆኑን ለማወቅ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለህ?»

እዚህ ላይ አዎ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። አንድ ጊዜ ብያለሁ።

«አንድ ቀን አላደረግሁም» አልኳት። «ያንቺ ብስክሌት የመጣ ዕለት።»

ገብቼ አያ ደመላሽ የሰጡኝን ጨርቅ አመጣሁና ፈታሁት። መጋጠሚያውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። የዛገው የቱ፣ የሚያብረቀርቀው የነበረው የቱ እንደሆነ አሳየኋት፤ አሁን ሁሉም ዝጓል፣ ግን የቀለሙ ልዩነት ይታያል። ከጎማው ሥር ስንጥቅ እንደነበረ፣ ሳልፈታ በላዩ እንደጠቀለልኩበት፣ ቅጹ ላይ ምን እንደጻፍኩ ነገርኳት። «የሣጥኖቹ ጉዳይ አይደለም» አልኳት። «አንድም ብትጭኚ ይሰበር ነበር።»

ብረቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለነበር ከንፈሯን እያየሁ ነው የሰማኋት።

«ለንስሐ አባቴ ተናዝዤበታለሁ» አለች። «ደንብ ጥሼ የመንግሥት ንብረት ሰበርኩ፣ ልጆቹም ያን ቀን ሳይከተቡ ቀሩ ብዬ። ስግደት ሰጡኝ። በዚህ ጉልበት ነው የሰገድኩት፣ ይበልጣል። ሌላ ቅጣት ይለውጡልኝ ብዬ መለመን አፈርኩ።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ብረቱን በጨርቁ መልሳ ጠቀለለችው። ማርታ ስትመለስ ተነሥታ ብስክሌቱን ይዛ ከልጇ ጋር ሄደች። መጋጠሚያውን ይዛው ሄዳለች። ያን ጊዜ አፈርኩ፤ ለብዙ ዓመት ያልመጣ ዕፍረት በአንድ ከሰዓት መጣ።

ቅዳሜ ወረዱ። ቀኑን ሙሉ ምንም አልሠራሁም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ማርታ በር ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ፊቷ ፀሐይ በልቶታል። «እስከ ታች ድረስ ድምፅ የለውም ጋሼ» አለችኝ። እናቷ የነገረቻት ነገር እንደሌለ ከአነጋገሯ አወቅሁ።

ሰኞ ደብዳቤ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ናት። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር፣ ማስጠንቀቂያው ያለ አግባብ እንደተሰጠ፣ በሐሰት ባይሆንም እውነቱን ደብቄ እንደፈረምኩ። ማክሰኞ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሞጣ ሄድኩ። ቢሮው ሌላ ሕንፃ ገብቷል፤ በቆርቆሮው ዳስ ቦታ አጥር ቆሟል። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «አባቴ፣ ይሄ ጉዳይ አሁን የሚመለከተው ሰው የለም» አለችኝ። «ፋይሉም ያለ አይመስለኝም።» በትሕትና ነው ያለችው። ደብዳቤውን መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

በማግስቱ ሲስተር ዘነበች ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ነበረች፤ መጋጠሚያው መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ደብዳቤውን ዘረጋሁላት፤ አልተቀበለችኝም። ማርታን ጠራቻት፣ ከጎኗ አስቀመጠቻት።

«አንብብላት» አለችኝ። «ጮክ ብለህ።»

ቆሜ አነበብኩ። የራሴን ድምፅ መመጠን ስለማልችል ከልክ በላይ ጮኼ ኖሯል፤ ስጨርስ ጎረቤቶች አጥሩ ላይ ተደርድረው ነበር። ማርታ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ወደ ሲስተር ዘነበች ዞርኩ። ብስክሌቱ ሲጢጥ ሲል እንደምታደርገው ጣቷን አንሥታ ነበር።

«ድገመው» አለችኝ።

ደገምኩት።